ከመገናኛ አራት ኪሎ በብስክሌት፦ 5 ኪሎ ሜትር እንዴት ጉልበት ያሳምማል?

የቀበናው
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:10

እንደምን አመሻችሁ። ከሁለት ወር በፊት ከታክሲ ሰልፍ ልገላገል ብዬ ብስክሌት ገዛሁ። ያገለገለ ማውንቴን ነው፤ ማርሹ 21። ከመገናኛ ተነስቼ በሾላ፣ በእንግሊዝ ኤምባሲ አድርጌ፣ ቀበናን ወርጄ አራት ኪሎ እወጣለሁ። 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኮሪደሩ ከተሠራ ወዲህ የብስክሌት መስመር ስላለ መኪናው ያን ያህል አያስፈራኝም። የሚያስቸግሩኝ መስመሩ ላይ ቆመው ወሬ የሚይዙት ናቸው።

ችግሬ ጉልበቴ ነው። የቀኙ። ከሎሚው ሥር፣ ፊት ለፊት ላይ። ቀበና ድልድዩን አልፌ ዳገቱን ስጀምር ይነክሰኛል። ቢሮ ገብቼ ስቀመጥ ይተወኛል። ከሰዓት በኋላ ደረጃ ስወርድ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። ቅዳሜ ዕለት ባዶ ጀሪካን ይዤ ከሦስተኛ ፎቅ ስወርድ ሊከዳኝ ነበር። ባዶ ጀሪካን ነው የምላችሁ!

34 ዓመቴ ነው። ኳስ ከተውኩ 10 ዓመት ሆኖኛል። የገረመኝ ርቀቱ ነው። ሰው 100 ኪሎ ሜትር ነድቶ ምንም አይለው፤ እኔን 5 ኪሎ ሜትር እንዴት ያሽመደምደኛል? እናቴ የቅልጥም ሾርባ ጀምራልኛለች። ሌላ መላ ያላችሁ?

ታክሲ ይሻላል
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:21

ሽጠውና ተገላገል። ሰልፍ ላይ ቆሞ ጉልበቱን የታመመ ሰው አላየሁም።

ጋሽ መፍቻ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:48

ልጄ፣ ከሾርባው በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ። መቀመጫው ላይ ቁጭ እንዳልክ ሁለቱም እግሮችህ መሬት ይነካሉ? ተረከዝህ ጭምር?

የቀበናው
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:55

አዎ ጋሼ፣ ሙሉ በሙሉ። ሻጩ ነው እንደዛ ያስተካከለልኝ። «ታክሲ ድንገት ቢቆምብህ ቶሎ እንድትረግጥ» ብሎ። እውነትም ያረጋጋል።

ጋሽ መፍቻ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:20

በል እንግዲህ ግማሹ መልስ ተገኘ።

ብስክሌት ስፈታና ስገጥም 30 ዓመት አልፎኛል። ጉልበቴን ፊት ለፊት አመመኝ ብሎ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መቀመጫው መሬት ለመሬት ነው። ለምን እንደሆነ ላስረዳህ። አጭር በርጩማ ላይ ተቀምጠህ ስትነሣ ጉልበትህ ምን እንደሚል ታውቃለህ። ከመደበኛ ወንበር ስትነሣ ግን አይታወቅህም። መቀመጫው ዝቅ ያለ ብስክሌት መንዳት ማለት በእያንዳንዱ ዙር ከበርጩማ እንደመነሣት ነው። ፔዳሉ ከላይ ሲመጣ ጉልበትህ እጥፍጥፍ ይላል፤ ከዚያ ታጥፎ እያለ ነው በኃይል የምትገፋው።

አሁን ሒሳቡን ሥራ። በደቂቃ 70 ጊዜ ብትረግጥ፣ በ20 ደቂቃ 1,400 ጊዜ ነው። ደርሶ መልስ 2,800። አምስት የሥራ ቀን፣ 14,000። በአንድ እግር! 5 ኪሎ ሜትር ትንሽ ናት ያለህ ማነው?

ማስተካከያው እንዲህ ነው። ብስክሌቱን ግድግዳ አስጠግተህ በአንድ እጅህ ግድግዳውን ያዝ። የሥራ ጫማህን አድርገህ ውጣ። ፔዳሉን ወደ ታች፣ መጨረሻው ድረስ አውርደውና ተረከዝህን አስቀምጥበት። እግርህ ቀጥ ማለት አለበት። ዳሌህ ወደ ጎን ሳያዘነብል ቀጥ ካለ ቁመቱ ደህና ነው። ስትነዳ ደግሞ በተረከዝህ ሳይሆን ከጣቶችህ ኋላ ባለው ወፍራም የእግርህ ክፍል ትረግጣለህ። ያኔ ጉልበትህ ጥቂት ታጠፍ ብሎ ይቀራል። የሚፈለገው እሱ ነው።

ግን አደራህን፣ በአንድ ቀን አትስቀለው። ትንሽ ትንሽ እያልክ። የመቀመጫው ብረት ላይ የተቀረጸ ምልክት አለ፤ እሱ ከወጣ ብረቱ ሊሰበር ይችላል። ያንን አትለፍ።

የጣናው
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:05

እናንተ አዲስ አበቤዎች ብስክሌትንም ሳይንስ አደረጋችሁት። ባሕር ዳር ላይ ፎኒክስ ስነዳ 12 ዓመቴ ነው። ማርሽ የለው ምን የለው። ባለቤቴን ከኋላ ጭኜ ገበያ ደርሼ እመለሳለሁ። አንድ ቀን ጉልበቴን አላለኝም። ነገሩ ልምድ ነው። ወጌሻ ዘንድ ሂድና በቅቤ አሳሽተው፣ በሦስት ቀን ይለቅሃል።

የቀበናው
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:12

ወንድሜ፣ እናንተ ጋ ትልቁ ዳገት የአባይ ድልድይ አይደል?

የጣናው
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:14

የቤዛዊትን ኮረብታ አታውቀውም ማለት ነው።

ፊዚዮዋ
ማክሰኞ፣ ቀን 7:30

የምሳ ሰዓቴን በላችሁብኝ። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ ዶክተር አትበሉኝ፣ ትናንት በሌላ ውይይት ላይ ብላችሁኛል።

ጋሽ መፍቻ ያሉት ልክ ነው። እኔም ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው «የት ጋ?» ብዬ ነው። በጣትህ አሳየኝ እላለሁ። ፊት ለፊት፣ ሎሚው ዙሪያ ከሆነ መቀመጫው ዝቅ ብሏል፣ ወይም በጣም ወደ ፊት ተገፍቷል፣ ወይም በከባድ ማርሽ እየታገለ ነው። ከኋላ፣ ጉልበቱ የሚታጠፍበት ጋ ከሆነ ተቃራኒው ነው፤ መቀመጫው ከፍ ብሏል፣ እግሩ ፔዳሉን ለመድረስ እየተንጠራራ ነው። በውጭ በኩል በጎን ከሆነ ከዳሌ ተነስቶ ጉልበትን አልፎ የሚወርድ ረጅም ጅማት አለ፣ እሱ ነው የተቆጣው። ብዙ ጊዜ እግሩን ፔዳል ላይ አጣሞ የሚያስቀምጥ ሰው ላይ አየዋለሁ። ከተረከዝ በላይ ያለው ወፍራም ጅማት ከሆነ ደግሞ ሰውየው እንደ ዳንሰኛ በጣቱ ጫፍ ነው የሚረግጠው።

አንተ ግን መቀመጫው ብቻ አይመስለኝም። ቀበና ላይ ስንተኛ ማርሽ ነው የምትጠቀመው?

የቀበናው
ማክሰኞ፣ ቀን 7:41

እውነቱን ልናገር? ማርሹን አልነካውም። ስገዛው የነበረበት ላይ ነው። ግራው 3፣ ቀኙ 6። ሲቀያየር ይንኳኳል፣ የሚሰበር ይመስለኛል።

ፊዚዮዋ
ማክሰኞ፣ ቀን 7:44

ወይ ጉድ!

ጋሽ መፍቻ
ማክሰኞ፣ ቀን 8:02

የቀበናን ዳገት በ3 እና በ6? ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን እኮ ማርሹ ይከብዳል። አንተስ ኳስ ተጫዋች ሳትሆን ክብደት አንሺ ነበርክ። የሚንኳኳው እየገፋህ ስለምትቀይረው ነው። ዳገቱ ሳይጀምር፣ ገና ቁልቁል እየወረድክ ሳለህ ቀይር። እግርህ ይዙር፣ ግን አትጫነው። ግራውን ወደ 1 ወይም 2፣ ቀኙን ወደ 2 ወይም 3። ገመዱን ማጥበቅ ካስፈለገ የማንም ብስክሌት ጠጋኝ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ፊዚዮዋ
ማክሰኞ፣ ቀን 8:20

ከዚህ ውይይት አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ይህ ይሁን፦ እግር ቶሎ ቶሎ ቢዞር ይሻለዋል፣ በከባዱ ከሚገፋ። ቀኝ ጉልበትህ ወደ ላይ የሚመጣበትን ለ15 ሴኮንድ ቁጠር። 18 ወይም 20 ከደረሰ ጥሩ ነው፤ በደቂቃ ከ70 እስከ 80 ማለት ነው። ዳገት ላይ ቢቀንስ አይገርምም። 10 ከሆነ ግን ጉልበትህን እየፈጨኸው ነው። መጀመሪያ ሰሞን በቀላል ማርሽ ስትነዳ ባዶ እያዞርክ ይመስልሃል፣ ሰው የሚስቅብህ ይመስልሃል። ይሳቅ።

ሁለተኛው ማሸቱ ነው። ወጌሻ የሚንቅ ሰው አይደለሁም፤ አያቴ ወጌሻ ነበሩ። ግን የተቆጣ ጅማት ላይ በኃይል ማሸት የባሰ ያስቆጣዋል። ደግሞ አንድ ባት ብቻ አብጦ፣ ሞቆ፣ ቀልቶ ካመመ በፍጹም እንዳይታሽ። የደም መርጋት ሊሆን ይችላል። የዚያኑ ቀን ሐኪም ቤት ነው የሚኬደው፤ ትንፋሽ ማጠር ካለማ ቀንም አይጠበቅ፣ ድንገተኛ ክፍል ነው። ጉልበት አብጦ ውሃ የቋጠረ ከመሰለ፣ ታጥፎ አልዘረጋም ካለ ወይም ወድቃችሁ መርገጥ ካቃታችሁም እዚህ መጥታችሁ አትጠይቁን።

ሦስተኛ፣ ከመንዳታችሁ በፊት የሕመም ማስታገሻ አትዋጡ። እሳት አለ ብሎ የሚጮኸውን አፉን ይዞ እንደማፈን ነው።

አድራሽ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:50

አሁን ገና ከሥራ ገባሁ። ዕቃ አድራሽ ነኝ፣ በፔዳል። ቀን እንደ ቀኑ ነው፤ 40 ኪሎ ሜትር የምነዳበትም አለ።

አጭር መንገድ ለምን ያምማል ላላችሁት የራሴን ልናገር። እኔን የሚያመኝ የመጀመሪያዎቹ አስር ደቂቃዎች ናቸው። ከዚያ ሰውነት ይሞቃል፣ ሁሉም ይለቃል። የእናንተ መንገድ ግን ሰውነታችሁ ሳይሞቅ ያልቃል። ከአልጋ ተነስቶ፣ በዚያ በጥቅምት ውርጭ፣ ስብሰባ ረፍዶብኛል ብሎ በሙሉ ኃይል። ማታም ለስምንት ሰዓት ያህል ወንበር ላይ ተጣጥፎ ውሎ በቀጥታ መርገጥ። በቀን ሁለቴ ቀዝቃዛ ሞተር ማስነሣት ነው ነገሩ።

እኔ የማደርገው መጀመሪያ ላይ ለአምስት ደቂቃ በጣም ቀላል ማርሽ ላይ እያዞርኩ መንሸራሸር ነው። ሰው ሁሉ ያልፈኛል፣ ሕፃናት ሳይቀሩ። ጠዋት ደግሞ ጉልበቴን የሚሸፍን ሱሪ፤ ቁምጣ ከአራት ሰዓት በኋላ ነው።

ሌላ፣ ጀርባ ላይ ከባድ ቦርሳ አትሸከሙ። ላፕቶፕ፣ ምሳ ዕቃ፣ ጫማ፣ ያ ሁሉ መቀመጫችሁ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ዳገት ላይ ቆማችሁ ስትረግጡ ደግሞ ጉልበታችሁ ላይ። የኋላ መጫኛ አሠሩ።

በጾም ወቅት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳልቀምስ ስነዳ ማታ ባቴን ጨምድዶ ይይዘኝ ነበር። ሌሊት እየጮህኩ እነሣለሁ። ይሄ ከውሃ ነው ከምን ነው እህቴ?

ፊዚዮዋ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 12:40

ውሃም ሊኖርበት ይችላል፣ ግን ዋናው ብዙ ጊዜ የጡንቻ ድካም ነው። ሲይዝህ እግርህን ዘርግተህ የእግር ጣቶችህን በእጅህ ወደ ራስህ ጎትት። ቀስ ብሎ ይለቃል። ጾም ላይ ካለህ ከባዱን ዳገት ከቻልክ ከበላህና ከጠጣህ በኋላ አድርገው። «ቀዝቃዛ ሞተር» ያልካትን ለታካሚዎቼ ልሰርቃት ነው።

ቀሚስና ፔዳል
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4:15

ሐዋሳ ነኝ። እንኳን ዳገት፣ ጉብታም የለብኝ። ጉልበቴ ሰላም ነው። የኔ ጠባሳዎች በሙሉ ከጉልበት በታች ናቸው፣ ስለሱ ማንም አላነሣም።

አንደኛው ቅልጥሜ ላይ ነው። ባንክ ነው የምሠራው፤ ሶሉ ለስላሳ የሆነ ተረከዛማ ጫማ አድርጌ ዝናብ በዘነበበት ማግስት ስረግጥ እግሬ ሾለከ። ፔዳሉ ዞሮ መጣና በጥርሱ ቅልጥሜን ገመጠው። ያንን ሕመም የቀመሰ ያውቀዋል፤ ኮከብ በቀን ይታያል። አሁን ጠፍጣፋ የጎማ ሶል ባለው ሸራ ጫማ እነዳለሁ። ተረከዛሙ ፊት ለፊት ቅርጫት ውስጥ ነው፣ ቢሮ በር ላይ እቀይራለሁ። ጥበቃው ለምዶኛል።

ሁለተኛው ቁርጭምጭሚቴ ጋ ነው፣ ከሰንሰለቱ። ሰፊ ሱሪ ለብሼ ጥርሱ ውስጥ ገባ። ሱሪው ሲጎተት እግሬን ይዞት ሄደ፣ እኔም ከነብስክሌቱ ወደቅኩ። የሰንሰለት መከለያ ያለው ብስክሌት ግዙ። ከሌለው የቀኝ ሱሪያችሁን በላስቲክ እሰሩ ወይም ካልሲ ውስጥ ክተቱ። አያምርም፣ ግን ከስፌት ይሻላል።

እህቶቼ፣ ነጠላ ለብሳችሁ ከሆነ ጫፉን ወገባችሁ ላይ ቋጥሩት። የኋላው ጎማ ሽቦ ውስጥ ከገባ ጎማው ቆሞ እናንተ ትቀጥላላችሁ።

የጣናው
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4:30

በነጠላው እስማማለሁ። ባለቤቴ አንዴ ደርሶባታል።

የቀበናው
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:30

የዛሬ ሪፖርት። ኢንተርኔት ላይ ደግሞ ሌላ ቀመር አገኘሁ። ባዶ እግርህን ግድግዳ ተደግፈህ ቁም፣ ደረቅ ሽፋን ያለው መጽሐፍ ጭንህ መሐል ወደ ላይ ስቀልና ከመሬት እስከ መጽሐፉ ለካ፣ ከዚያ በ0.883 አባዛ። የሚመጣው ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት መሐል አንስቶ እስከ መቀመጫው አናት ያለው ርቀት ነው ይላል። የኔ 81 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ሲባዛ 71.5 ይመጣል። አሁን ያለው ስንት እንደሆነ ስለካው 63! ስምንት ሴንቲ ተኩል ነው የተሰረቅኩት።

ወዲያው 71.5 ላይ ሰቀልኩት። ዛሬ ነዳሁበት። ጋሼ አትቆጡኝ። የፊቱ ሕመም ቀለል አለ፣ ግን ከጉልበቴ ኋላ ወጠረኝ፣ መቀመጫዬም ግራ ቀኝ ሲንሸራተት ዋለ። ደግሞ ሾላ ጋ አንድ ታክሲ «ወራጅ አለ» ብሎ ድንገት ሲቆም መሬቱን በእግሬ ፈልጌ አጣሁት። ወደ ጎን ተደፋሁ። ክርኔ ተላጠ። ረዳቱ «አይዞህ አባቴ» አለኝ፣ አባቴ!

ጋሽ መፍቻ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:05

አልቆጣም። ግን ምን ብዬህ ነበር?

ቁጥሩ መነሻ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። የፔዳሉ ክንድ ርዝመት አለ፣ የጫማህ ሶል ውፍረት አለ፣ መቀመጫው ራሱ ስፖንጁ ስትቀመጥበት ይሰምጣል። 63 የለመደ እግር በአንድ ሌሊት 71.5 ቢሉት ጅማቱ ይጮኻል። ወደ 66 መልሰው። በየሦስት አራት ቀኑ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ጨምር። ብረቱ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርግ፣ እንዳይጠፋብህ። ዳሌህ መወዛወዝ ሲጀምር አልፈኸዋል ማለት ነው፤ ትንሽ ዝቅ አድርገህ እዚያው እሰረው።

የመቆሙ ነገር ነው ያልነገርኩህ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። መቀመጫ ላይ ቁጭ ብሎ አይቆምም።

ሮተርዳም ነኝ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4:40

እዚህ ላይ እኔ ልግባ። ሆላንድ ስመጣ ያስደነቀኝ ነገር ይሄው ነበር። የ70 ዓመት አሮጊቶች መቀመጫቸውን ሰማይ ሰቅለው ይነዳሉ፣ ቀይ መብራት ላይ ግን አንዳቸውም አይወድቁም። ቆሜ ሳያቸው ምስጢሩ ገባኝ። ፍሬን ሲይዙ ከመቀመጫው ወደ ፊት ይንሸራተታሉ። አንዱ እግር ታች ባለው ፔዳል ላይ ይቆማል፣ ሌላው መሬት ይወርዳል። ሲነሡ ደግሞ ፔዳሉን ወደ ላይ አምጥተው ይረግጡና መቀመጫው ላይ ይወጣሉ። ቁጭ የሚሉት እየሄዱ ነው።

ባዶ ሜዳ ላይ አንድ ከሰዓት ተለማመደው፣ የመንገድ ለሰው ቀን ጥሩ ነበር። ሃያ ጊዜ ቁም፣ ሃያ ጊዜ ተነሣ። የዛሬው ዓይነት ነገር አይደርስብህም።

እዚህ ዳገት የለም ብላችሁ እንዳትቀኑብን። ዳገታችን ነፋስ ነው፣ ያውም አያልቅም። ኤራስመስ ድልድይ ላይ ነፋሱ ፊት ለፊት ሲመጣ ቀላሉ ማርሽ ላይ ሆኜ ሰው በእግሩ የሚቀድመኝ ይመስለኛል። የመጀመሪያው ክረምቴ ላይ ያለማርሽ የአያት ብስክሌት የሚሉትን ገዝቼ ከነፋስ ጋር ስታገል ልክ እንዳንተ ከሎሚው ሥር አመመኝ። ሦስት ማርሽ ያለው ቀየርኩ፣ ተወኝ።

አድራሽ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1:20

ጎማህንስ አይተኸዋል? ብዙ ሰው በተንፈሰፈሰ ጎማ ነው የሚነዳው። ያኔ መንገዱ ሁሉ ዳገት ነው። በአውራ ጣት ተጭኖ «ደህና ነው» ማለት አያስተማምንም። ጎማው ጎን ላይ ከስንት እስከ ስንት ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) እንደሚሞላ ተጽፏል። ጎሚስታ ሄደህ በመለኪያ አስሞላው። የመኪና ኮምፕሬሰር ስለሆነ ግን አይንህን አትንቀል፤ በአንድ ትንፋሽ ያፈነዳልሃል።

የቀበናው
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1:00

ከ40 እስከ 65 ይላል። የኔ 22 ነበር። አፈርኩ።

እህቴ ፊዚዮዋ፣ እስኪሻለኝ መንዳት ላቁም ወይስ ልቀጥል?

ፊዚዮዋ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3:10

በማግስቱ ጠዋት ፍረደው። ስትነዳ ትንሽ ተሰምቶህ ጠዋት ስትነሣ ከሌለ ቀጥል። ጠዋትም ካለ፣ ደረጃ ስትወርድ ከነከሰህ፣ ትናንት አብዝተሃል ማለት ነው። ለሁለት ሳምንት ያህል አንድ ቀን ጠዋት ነድተህ ሂድ፣ ማታ ብስክሌቱን ቢሮ አሳድረህ በታክሲ ተመለስ፤ በማግስቱ በታክሲ ሄደህ ማታ ነድተህ ተመለስ። ወይም ቀበና ዳገት ላይ ከብስክሌቱ ወርደህ በእጅህ ግፋው። መግፋት ነውር አይደለም።

ጉልበቱን የሚያጠነክርልህ ደግሞ እነዚያ ሦስት ፎቆች ናቸው። ማታ ማታ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ቁም። አንዱን እግርህን ወደ ታች ቀስ አድርገህ፣ አራት እየቆጠርክ አውርድና ተረከዝህ መሬት ሲነካ ተመለስ። ላይ የቀረው እግር ነው የሚሠራው። ጉልበትህ ወደ ውስጥ እንዳያዘነብል እየው፤ ከጣቶችህ አቅጣጫ ይሁን። ለእያንዳንዱ እግር አስር ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ በሳምንት ሦስት ቀን። ካመመህ አጠር ያለ ደረጃ ፈልግ። ከዚያ ደረጃው ጫፍ ላይ በጣቶችህ ቆመህ ተረከዝህን ከፍ ዝቅ አድርግ፣ ለባትህ። የኳስ እግር አሥር ዓመት ቢሮ ከተቀመጠ የኳስ እግር አይደለም፣ ይቅርታህን።

ታክሲ ይሻላል
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2:30

መገናኛ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው ይህን ሁሉ ያነበብኩት። 40 ደቂቃ። ያገለገለ ማውንቴን የት ነው የሚገኘው?

የቀበናው
(ከአምስት ሳምንት በኋላ) እሁድ፣ ቀን 10:20

ለጠፋሁት ይቅርታ። ውይይቱ ሳይዘጋ የሆነውን ልንገራችሁ።

መቀመጫው አሁን 70.5 ላይ ቆሟል። 71 ላይ ዳሌዬ መወዛወዝ ጀመረ፣ እንደተባልኩት መለስኩት። ብረቱ ላይ ስድስት የእስክሪብቶ መስመር አለ፣ የልጅ ቁመት የሚለካበት የበር መቃን መስሏል። ማርሹን ጠጋኝ ጋ ወስጄ ገመዱን አጠበቀልኝ፤ አሁን ቁልቁል እየወረድኩ ድልድዩ ሳይደርስ ግራውን 1 አደርገዋለሁ። ቆጠርኩ፣ ዳገቱ መሐል ላይ በ15 ሴኮንድ 16 ነው። ሰው ያልፈኛል። ባለፈው አንድ አዛውንት በእግራቸው እየሄዱ ለትንሽ ጊዜ እኩል ሄድን፣ ሰላም ተባባልን።

ጉልበቴ ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ጠዋት ላይ ዝም ብሏል። አንድ ረቡዕ ብቻ ዝናብ ሊመታኝ ሲል በድሮው አመሌ በከባዱ ገፋሁት፤ ለሁለት ቀን አስታወሰኝ። የደረጃውን ልምምድ ጎረቤቶቼ እያዩ «ሊፍት ሊያስገቡ እየለኩ ነው» ብለው አስወርተዋል። ሾርባው አልቆመም፤ እናቴ የዳነው በሱ ነው ትላለች፣ አልተከራከርኩም።

የጣናው
እሁድ፣ ከምሽቱ 1:40

እንኳን ደስ ያለህ። ጋሽ መፍቻ፣ ለአንድ ጓደኛዬ ልጠይቅዎት ነበር። የፎኒክሱን መቀመጫ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ሊያደርገው ፈልጎ ብሎኑን ፈታው፣ ብረቱ ግን ንቅንቅ አልል አለው። 12 ዓመት ተነክቶ አያውቅም። በመዶሻ ልምታው?

ጋሽ መፍቻ
እሁድ፣ ከምሽቱ 1:58

ለጓደኛህ ንገረው፣ መዶሻ አይነካውም። ዝጎ ተያይዟል። ብሎኑን ላላ አድርጎ ብረቱ የሚገባበት ዙሪያ ላይ ነጭ ጋዝ ያንጠባጥብበትና ይደር። ጠዋት መቀመጫውን በሁለት እጁ ይዞ እንደ መሪ ግራ ቀኝ ያዙረው። ወደ ላይ አይጎትት፣ መጀመሪያ ይዙርለት። ካልሆነ ደግሞ ሌላ ሌሊት ይጨምር። ሲወጣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍገውና ግራሶ ቀብቶ ይመልሰው። የጓደኛህ ጉልበት ግን ደህና ነው?

የጣናው
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 12:50

በሁለተኛው ሌሊት ዞረ። አንድ እፍኝ ዝገት ነው የወጣው። ጉልበቴም፣ ማለቴ ጉልበቱም፣ ቤዛዊት ላይ ትንሽ ይለው ነበር መሰለኝ።